እምቡጥ የያዘ አይነቃነቅም

ሰኞ፣ 4

አርባ ሰባተኛዋ ዛሬ ገባች። ከመነጽር ቤታችን ጎን ባለው ባንክ በር ላይ፣ ከቆሻሻ ከረጢት አፍ ብቅ ብላ አገኘኋት። አበባዋ ረግፏል፣ ቅጠሎቿ ልፍስፍስ ብለዋል፣ ሥሯ ግን ግማሹ ገና አረንጓዴ ነው። የባንኩ ጽዳት ሠራተኛ «ሞታለች እኮ፣ ምን ታደርግልሻለች?» አለችኝ። ሰው የኦርኪድ አበባ ሲረግፍ ተክሉም የሞተ ይመስለዋል። አበባው ለሁለት ለሦስት ወር ነው፤ የቀረውን ዓመት ቅጠልና ሥር ሆኖ ይከርማል። ይህን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። የምሳ ሰዓቴ አልቋል፣ ፍሬማቸው ተከፍቶ የሚጠብቁኝን ሁለት ሌንሶች ሳልሞርድ ነው የወጣሁት።

የት እንደማኖራት ግን ግራ ገባኝ። የምሥራቁ ክፍል መደርደሪያዎች ሞልተዋል። የእማዬ አልጋ ላይ ጣውላ ዘርግቼ የደረደርኳቸው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተዋል። ፍሪጁ አናት ላይ ሦስት አሉ፣ መታጠቢያ ቤት አምስት። ገላዬን ለመታጠብ መጀመሪያ አምስቱን ወደ ኮሪደሩ አወጣለሁ፣ ስጨርስ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። እኔ ራሴ የምተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው፤ ሰባት ዓመቴ። አዲሷን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳትና እራቴን ሳህኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በላሁ።

ከሁሉም አሥራ አራቱ እምቡጥ ይዘዋል። እንዲህ በዝተው አያውቁም።

ሐሙስ፣ 7

ቸኩያለሁ። የወንድሜ ልጅ ሥራ ቦታ ደወለች። አባቷ፣ ጋሼ፣ ከሆስፒታል ወጥቷል፣ እሷ ቤት ነው። ማታ እደውላለሁ አልኳት።

ሐሙስ፣ ማታ

ደወልኩላት። ስትሮኩ ግራ እጁንና ግራ እግሩን ነው የያዘው። አንደበቱ ተመልሷል፣ ትንሽ ከመክበዱ በቀር። የልጁ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። እሷ ዳቦ ቤት በፈረቃ ትሠራለች፤ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ሁለቱ ልጆቿ ደግሞ ጸጥ በሉ ሲሏቸው የሚብስባቸው ዓይነት ናቸው።

«ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ቀን እጅና እግሩን ወደሚያሠሩበት ቦታ ይሂድ አለ» አለችኝ። «ቦታው ካንቺ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው እትዬ። ከኔ ግን አራት ፎቅ ደግፌ አውርጄው፣ ከዚያ ሁለት አውቶቡስ...» ቆይታ «ያቺ ክፍል አለችሽ አይደል?» አለች።

ያቺ ክፍል።

«እምቡጥ ይዘዋል» አልኳት።

«ማነው የያዘው?»

አስረዳኋት። ኦርኪድ አያያዝ ያስተማረኝ ሽማግሌው አትክልተኛ ገና ከመጀመሪያው የነገረኝ ነው፤ እምቡጥ የያዘ አይነቃነቅም። እምቡጡ ብርሃን የሚመጣበትን ወገን ለምዶ ነው የሚያድገው፤ ቦታ ሲቀይሩበት ይደነግጥና ሳይከፈት ይረግፋል። ንፋስም አይወድም። የበሰለ ፍራፍሬ ደግሞ ጭራሽ! ሙዝ አጠገቡ ካሳደርሽ እምቡጡን ከወለል ትለቅሚያለሽ ይላል። ከፍሬው የሚወጣ የማይታይ ነገር አለ አሉ። ከተከፈቱ በኋላ ግን ብዙም ግድ የላቸውም።

«እስኪከፈቱ ነው እንጂ እምቢ አላልኩም» አልኳት። «ስድስት ሳምንት ቢፈጅ ነው።»

«እሺ እትዬ» አለች። እሺ አባባሏ ደስ አላለኝም። ግን የተናገርኩት እውነት ነው። ስድስት ሳምንት ምን አላት?

ቅዳሜ፣ 9

ጋሼ ራሱ ደወለ።

«ቁንጫ» አለኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ዛሬም ቁንጫ ነኝ። «አበቦችሽ ስንት ደረሱ?»

«አርባ ሰባት።»

«እንግዲህ ሊቀመንበር መርጠው ከቤት ያስወጡሻል።»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣ ይመስላል። ከሶፋው እስከ መስኮቱ ሰባት እርምጃ እየተደገፈ እንደሚሄድ ነገረኝ። ስለ ክፍሉ አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም። ደህና ሁኚ ካለኝ በኋላ ስልኩን ቶሎ አልዘጋውም፤ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር።

አባታችን ሲሞት እኔ አራት ዓመቴ ነው፣ እሱ ሃያ አንድ። ልብስ ሰፊ ነው። የትምህርት ቤት ልብሴን ራሱ ሲሰፋ ጠርዙን አራት ጣት አጥፎ ይተውለት ነበር፤ ባደግሁ ቁጥር አንድ ጣት እየፈታ አንዱን ቀሚስ አራት ዓመት አለበሰኝ። ጓደኞቼ ቀሚስሽ ያድጋል ወይ ይሉኝ ነበር። ያሳደገኝ እሱ ነው። ይህን ማንም ሊያስታውሰኝ አይገባም፣ አውቀዋለሁ።

ማክሰኞ፣ 12

ገንዘብ ተቀባይዋ ለአንዲት ደንበኛ ስታወራ ሰማኋት። የመሞረጃ ክፍሌ ግድግዳ ስስ መሆኑን ትረሳለች። «ሰው ያጣች ሴት ቅጠል ታሳድጋለች» አለች። ማሽኑን አስነሳሁትና አንዱን ሌንስ ጠርዙን ሸረፍኩት። ሙሉ ክፍያ የተከፈለበት ነበር፣ እንደገና ማዘዝ ሊኖርብን ነው።

ሰው አላጣሁም። አንድም ቀን ሰው አጥቼ አላውቅም፣ ችግሬም እሱ ነው። እሷ ምን ታውቃለች!

ሐሙስ፣ 14

ጋሼ ደውሎ ነበር። አላነሳሁም። እጄ ቅርፊት ውስጥ ነበር፤ ኦርኪድ በአፈር አይተከልም፣ በተፈረካከሰ የዛፍ ቅርፊት ነው። ባንክ በር ላይ ያገኘኋትን አዲስ ዕቃ ውስጥ እያዛወርኩ ነበር። የበሰበሰውን ሥር ቆርጬ ስጨርስ መሽቶ ነበር። ይተኛል ብዬ ተውኩት።

እሑድ፣ 17

የወንድሜ ልጅ መጣች። ልጆቹን ለጎረቤት ትታ፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ። አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝ ይዛለች። «አባዬ ነው ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ ያለኝ።» ሙዙ በደንብ በስሏል፣ ነጠብጣብ ማውጣት ጀምሯል።

የምሥራቁን ክፍል ከፍታ በሩ ላይ ቆመች። «አልጋው አለ እንዴ!» አለች። ከቦርሳዋ የአባቷን የልብስ ሜትር አወጣችና ከአልጋው እስከ ግድግዳው፣ ከግድግዳው እስከ በሩ ለካች። ዊልቸርም ቢሆን ያልፋል አለች። ስትለካ ልክ እንደሱ ናት፤ ቁጥሩን ከንፈሯን እያነቃነቀች ለራሷ ትነግረዋለች።

«ሁሉንም በአንዴ አላልኩም» አለችኝ። «ትንሽ ትንሹን ብናወጣስ? እንሞክረው እትዬ፣ ሙከራ አይከፋም።»

እሺ አልኩ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። እምቡጥ ከያዙት አምስቱን መርጠን ኮሪደሩ ላይ ካለችው ጠባብ መደርደሪያ ላይ አደረግናቸው። በሳምንት ውስጥ ካልረገፉ ሌሎቹንም እናወጣለን ተባባልን። እሷ ከኔ ይልቅ ተጠንቅቃ ነው የያዘቻቸው፣ ትንፋሿን ውጣ። ስትሄድ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። «አባዬ ደስ ይለዋል» አለች።

ሙዙን ወጥ ቤት ቦታ ስለሌለ ኮሪደሩ መደርደሪያ ጫፍ ላይ አኖርኩት።

ረቡዕ፣ 20

ሁለት እምቡጦች ቢጫ ሆኑ። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ እነሱን ሳስብ ዋልኩ።

ዓርብ፣ 22

ዘጠኝ ረገፉ። ከኮሪደሩ ወለል ለቀምኳቸው፤ እያንዳንዳቸው ሽምብራ ያህላሉ። ደወልኩላት።

«ይኸው ሞከርን» አልኳት። «አየሽ?»

«አየሁ» አለች። ከኋላዋ የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ ይጮሃል። «ምን ይደረጋል። ለአባዬ እነግረዋለሁ።»

አልሞከረችም የሚለኝ ሰው እንዳይኖር። ሙዙ ጠቁሮ ስለነበር ጣልኩት።

ቅዳሜ፣ 23

ቅርፊት ልገዛ አትክልተኛው ዘንድ ሄድኩ። ስለረገፉት ነገርኩት። ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ።

«በስንት ቀን?»

«በአምስት።»

«ለመነቅነቅ ፈጠነ» አለ። «አምስቱም ላይ? ፍራፍሬ አጠገባቸው አልነበረም?»

«አልነበረም» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁት አላውቅም። ለሱ ምኑ ነው? ዓይኑን መቋቋም ስላቃተኝ ሁለት ከረጢት ቅርፊት ገዛሁ፤ አንድ ይበቃኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ 26

ከበታቼ የምትኖረው ጡረተኛ መምህርት ደረጃው ላይ ያዘችኝ። ውሃ አጠጥቼ ሳንጠፈጥፍ በእሷ ኮርኒስ ይወርዳል። «እኔ ዝናብ ከሰማይ ሲመጣ ነው የማውቀው» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ወንድምሽ ታሟል አሉ። እዚህ ሊመጣ ነው?»

«ገና ነው።»

«ደግ ወንድም ነው። እናትሽ በታመመች ጊዜ ብርቱካን ይዞ ሲመጣ እዚሁ ደረጃ ላይ እናገኘው ነበር።»

አንገቴን ነቅንቄ ወደ ላይ ወጣሁ።

ያው ቀን፣ ማታ

ብርቱካን!

እማዬ በዚያ አልጋ ላይ ስድስት ዓመት ተኛች። ጋሼ በየሦስት ወሩ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ሻዩ ሳይበርድ ይነሳል። «ሥራ በዝቶብኛል ቁንጫ፣ የሙሽራ ሱፍ ተረክቤያለሁ።» ወደ ክፍሉ እንኳን በቅጡ አይገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ብሎ ብርቱካኑን ለኔ ያቀብለኛል። እሷ ብርቱካን መዋጥ አትችልም ነበር። ጨምቄ በማንኪያ አጠጣት ነበር። ያገላበጥኳት እኔ ነኝ፣ ያጠብኳት እኔ ነኝ፣ ወገቤ ዛሬም ብርድ ሲሆን ይነግረኛል። መጨረሻ ላይ ስሜ ጠፍቷት «አንቺ ልጅ» ነበር የምትለኝ። አንድ ቀን አንሶላውን ለሦስተኛ ጊዜ ስቀይር «ምነው ባለቀ!» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሰምታኝ ይሁን አላውቅም። በሳምንቱ አረፈች።

ለቅሶው ላይ የመነጽር ቤቱ ሰዎች አንድ ነጭ ኦርኪድ ይዘው መጡ። ሰው ሁሉ ሲሄድ ባዶው አልጋ አስፈራኝ፤ አበባውን አልጋው መሃል ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሁለተኛ አመጣሁ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ሰው የጣለውን ሁሉ እየለቀምኩ አልጋው እስኪጠፋ ሞላሁት። ከዚያ ግድግዳውን።

ወጥ ቤት ውስጥ ቦታ ነበር። ምድጃው አጠገብ ነበር፣ መስኮቱ ላይ ነበር፣ ሙዝ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? ሳኖረው እጄ የሚሠራውን ያውቅ ነበር። እኔ ነኝ አላየሁም ያልኩት። የገዛ እምቡጦቼን ገድዬ በእነሱ አመካኘሁ። ይኸው ጻፍኩት። ጽፌውም አልቀለለኝም።

ረቡዕ፣ 27

ከሥራ ስወጣ እነሱ ቤት ሄድኩ። ስልሳ ስምንት ደረጃ ነው፤ እየቆጠርኩ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ልመለስ ቃጣኝ። ጋሼ ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ጢሙን አንዱን ወገን በደንብ፣ ሌላውን እንደ ነገሩ ተላጭቷል፤ በቀኝ እጁ ራሱ ነው የተላጨው። የልጅ ልጆቹ ጭኑ ላይ የመጫወቻ መኪና ይነዳሉ። ግራ እግሩ ላይ ሲደርሱ «እዚህ ጋ መንገዱ ተበላሽቷል፣ ቀስ በሉ» ይላቸዋል።

ልጁ ልጆቹን ይዛ ወጥ ቤት ስትገባ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ እምቡጦቹን ያራገፍኳቸው እኔ ነኝ። አንተ በላክኸው ሙዝ።»

መጀመሪያ አልገባውም፤ አስረዳሁት። ሲገባው ሶፋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «በሙዝ! ሰው በዱላ ይጣላል፣ የኔዋ ቁንጫ በሙዝ!» እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ያኔ እማዬ ስትተኛ፣ ሥራ በዛብኝ እል ነበር አይደል?»

«ትል ነበር።»

«ሥራ አልነበረም። ሰው ሁሉ የተሰፋ መግዛት የጀመረበት ጊዜ ነው። ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ባዶ የስፌት መኪና እረግጥ ነበር፣ ጎረቤት ድምፁን ሰምቶ ሥራ ላይ ነው እንዲለኝ።» በቀኝ እጁ ግራ እጁን አንስቶ ጭኑ ላይ አስተካከለው። «እናቴን እንደዚያ ሆና ማየት አቃተኝ። አንቺ ግን ቻልሽ። ትችላለች ብዬ ጣልኩብሽ።»

ስንት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው። «ይቅር ጋሼ፣ አለፈ» አልኩት።

«ስለዚህ ክፍሉን አትንኪው» አለኝ። «ደግሞ እኔን ልታገላብጪ? በጭራሽ። እኔ እዚህ ምን ጎደለኝ? አበቦችሽን ጠብቂ።»

«እሺ» አልኩት።

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ «እሑድ ሥራ የለሽም አይደል?» አለኝ።

«የለኝም።»

«ደግ» አለ።

ደረጃውን ስወርድ እግሬ ቀሎኝ ነበር። አልቆጠርኩም።

ዓርብ፣ 29

ገንዘብ ተቀባይዋ «ዛሬስ ፊትሽ ፈካ ብሏል» አለችኝ። ሃያ ሁለት ሌንስ ሞረድኩ፣ አንድም አልተሸረፈም።

ራሱ ነው አትንኪው ያለው። እኔ አላልኩም። ታላቅ ሲናገር መስማት ነው። ልጁም እዚያው ናት፣ ልጆቹም ያጫውቱታል፤ እኔ ጋ ቢመጣ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነው የሚሆነው። ይህን ቀደም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።

እሑድ፣ 1

ተከፈተች! አልጋው ራስጌ ያለችው፣ ነጯ፣ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ አንድ አበባ ከፍታ ጠበቀችኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ተከተለ። ቀኑን ሙሉ ከነሱ ጋር ዋልኩ። የሁሉንም ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ፣ ከፊትም ከጀርባም፣ አርባ ሰባቱንም። ወደ ማታ ሳሎን ስልክ ጠራ። እጄ እርጥብ ነበር፣ ሳልደርስ ቆመ። የወንድሜ ልጅ ናት። ነገ እደውላለሁ።

እንዲህ ጸጥ ያለ እሑድ ካሳለፍኩ ስንት ጊዜዬ ነው!

ሰኞ፣ 2

ሆስፒታል። ዳግመኛ መታው። ንጋት ላይ። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ግን የሚያየኝ አይመስለኝም። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ማክሰኞ፣ 3

አይናገርም። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቸኩሏል። «ይሰማል፤ የሚባለውም ይገባዋል ብለን እናስባለን። መናገሩን ግን አልጠብቅም» አለን። የወንድሜ ልጅ እጇ ላይ የዳቦ ዱቄት ነበረ። ሁለታችንም ዱቄቱን ስናይ ቆየን።

ሐሙስ፣ 5

ዛሬ ኮሪደሩ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነገረችኝ። ወድጄ አልጠየቅኳትም፤ «እሑድ ደውለሽልኝ ነበር፣ ምን ልትዪኝ ነበር?» አልኳት እንጂ።

«እየመጣሽ እንደሆነ ልጠይቅሽ ነበር።»

«ወዴት?»

ዞር ብላ አየችኝ። ረቡዕ ማታ እኔ ከሄድኩ በኋላ ልብሱን አስታጠፋት። ሁለት ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ መላጫውን፣ መቀሱን ሳይቀር። «የት ልትሄድ ነው አባዬ?» ስትለው «ቁንጫ እሑድ መጥታ ትወስደኛለች» አላት። እሑድ ጠዋት ኮቱን አስለበሰችው። ክራባት አምጪ አለ። ጫማውን አሰረችለት። ቦርሳውን በሩ ሥር አስቀምጦ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምሳ እዚያው በላ። ልጆቹ ሊጫወቱ ሲመጡ «ኮቴን ታጨማድዱብኛላችሁ» አላቸው። ጨለም ሲል «ጫማህን ላውልቅልህ?» አለችው። «ትንሽ እንጠብቃት፣ አውቶቡሱ ይሆናል» አላት።

«እሱ ራሱ እኮ ነው ክፍሉን አትንኪው ያለኝ!» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነርሷ ዞራ አየችኝ። «አልመጣም አለኝ እኮ!»

«እትዬ» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አባዬ አንዴ ሲጠይቁት እሺ ብሎ ያውቃል? ውሃ እንኳን በሁለተኛው ነው የሚቀበለው።»

ያውቃል ወይ! ከሷ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ይዞኝ ሲሄድ ብዪ ሲሉኝ ወዲያው እጄን ከዘረጋሁ ከጠረጴዛው ሥር ይቆነጥጠኝ ነበር። መንገድ ላይ «መጀመሪያ እምቢ ማለት ነው፤ በሞቴ እስኪሉሽ መጠበቅ ነው፤ ከልቡ የሚሰጥሽ ሰው ደግሞ ይልሻል» ይለኛል። ይህን ያስተማረኝ ሰው ፊቴ ተቀምጦ በጭራሽ አለኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። ደግሜ አልጠየቅኩትም። እምቢታው ስለተመቸኝ ነው። ልማዱ ጠፍቶኝ አይደለም።

ቅዳሜ፣ 7

ክፍሉን ባዶ አደረግኩት። አትክልተኛው ሠላሳ አምስቱን በዕቃ መጫኛ መኪና ወሰደ። የተከፈተውንም፣ እምቡጥ የያዘውንም፣ ሳልመርጥ አሸከምኩት። «ዘንድሮ አበባ ሳታዪ?» አለኝ። ውሰዳቸው አልኩት። ታችኛዋ መምህርት አራት ወሰደች፤ «ዝናቡን ከምንጩ ያዝኩት» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች። ባንክ በር ላይ ያገኘኋትን ያቺው የባንኩ ጽዳት ሠራተኛ ደስ ብሏት ተቀበለችኝ። ጣውላዎቹን ከአልጋው ላይ አነሳሁ። ከሥራቸው የእማዬ ፍራሽ ነበር፣ መሃሉ ጎድጉዶ። አውጥቼ ጣልኩት፣ አዲስ ገዛሁ። መስኮቱን ከፈትኩት። ክፍሉ ትልቅ ነው። ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ሰኞ፣ 9

አትክልተኛው ደወለልኝ። ሊያስደስተኝ ነው የደወለው።

«አንድም እምቡጥ አልረገፈም!» አለ። «በመኪና ተንገጫግጨው፣ ንፋስ ነክቷቸው፣ አንድም! ይህ ሕግ ለሁሉም አይሠራም መሰለኝ። አንዳንዱ ሰው ከሚያስበው በላይ ጠንካራ ነው።»

አመሰገንኩት። ስልኩን ዘግቼ የመሞረጃ ክፍሌን በር ከውስጥ ቆለፍኩ። ማሽኑን ባዶውን አስነሳሁት፣ ልቅሶዬ እንዳይሰማ።

ሐሙስ፣ 19

ዛሬ አመጣነው። ሁለት ሰዎች ተሸክመውት ወጡ። ሹራብ ነው የለበሰው፤ ኮቱ ቦርሳው ውስጥ ነው። የወንድሜ ልጅ አንሶላውን አስተካክላ፣ ግንባሩን ስማ፣ ለፈረቃዋ ሮጠች። ሁለታችን ቀረን።

«ጋሼ፣ መጣህ» አልኩት። ሌላ ነገር ልለው አስቤ ነበር።

እሑድ፣ 22

ሥራዬን ግማሽ ቀን አስደርጌያለሁ። ጠዋት መምህርቷ ወጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ጋዜጣ ታነብለታለች፣ ስህተት ስታገኝ ጸሐፊውን ትቆጣለች። ከሰዓት በኋላ እኔ ነኝ። አገላብጠዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ ደንዝዞ የቀረውን እጁን እያሻሸሁ አፍታታዋለሁ። ወገቤ ያመኛል። እውነቱን ለመጻፍ፣ አንዳንዴ ይመረኛል፤ ትናንት አንሶላውን ስቀይር ያ የድሮው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ጥርሴን ነከስኩበት። የተሻለ ሰው አልሆንኩም። እዚህ ነኝ ብቻ።

አወራዋለሁ። ስለ እማዬ፣ ስለ ሱቁ፣ አራት ዓመት ስለለበስኩት ቀሚስ። ያ ቀሚስ ሰማያዊ ነበር ወይስ ግራጫ? ከሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ጠየቅኩት፤ አየኝ። ያውቀዋል፣ ዓይኑ ውስጥ አለ፣ አይወጣም። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ሃያ አራት ቀን አንደበት ነበረው። ከሃያ አራቱ ቀን አንዱን ብቻ ሄድኩ።

ዛሬ ሾርባ ሠራሁለት። የመጀመሪያውን ማንኪያ ሳቀርብለት ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ነርሷ አይፈልግም ማለት ነው፣ አታስገድጂው ብላኝ ነበር። እኔ ግን ማንኪያውን ሳህኑ ላይ መልሼ ትንሽ እጠብቃለሁ። ከዚያ «በሞቴ ጋሼ» እለዋለሁ። ፊቱን ይመልሳል፣ አፉን ይከፍታል። በምሳም እንደዚያው ነበር፣ በእራትም እንደዚያው።

ያን ረቡዕ በሞቴ አላልኩትም።